ኤዴልሚራና ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት አዳፕተሮች

በኬብራቾ ሶሎ መንደር የቀትር እንቅልፍ የማትተኛ ብቸኛ ፍጡር ኤዴልሚራ ኦንቲቬሮስ ናት። ከምሳ በኋላ መንደሩ መስኮቱን ቀርቅሮ ጋደም ሲል፣ ውሾቹ ሳይቀሩ ዛፍ ጥላ ስር ሲዘረሩ፣ እሷ ወጥ ቤቷ ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ ትሳደባለች። ጎረቤቶቿም ስድቡን በግድግዳው በኩል ይሰሙና «ዛሬም እምቢ ብሏታል» ብለው ወደ ሌላው ጎናቸው ይገለበጣሉ።

የምትሰድበው ሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሽማግሌ ገብቶ ይታረቅ ነበር። የምትሰድበው ግን አዳፕተር ነው፤ በላፕቶፕ ጎን የሚሰካ፣ አውራ ጣት የሚያክል የዋይፋይ መቀበያ። ይህ ዕቃ ደግሞ ሲሰድቡት አያፍር፣ ሲለምኑት አይራራ።

ኤዴልሚራ ለዚህ የተፈጠረች ሰው አልነበረችም። ስፌተኛ ነበረች። በዚያ ሸለቆ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ የለበሰውን ነጭ ጋዋን የሰፋችው እሷ ናት። ባሏ በሞተ ማግስት ጢማቸውን ያጎፈሩ ወጣቶች ከኮርዶባ ከተማ መጥተው መንደሩን ሰበሰቡ። «ለእናንተ ብሎ ገመድ ተራራ ላይ የሚጎትት ኩባንያ የለም። ኔትወርኩን ራሳችሁ ዘርጉት፣ ራሳችሁ እዘዙበት» አሉ። መንደሩም እሺ አለ። ከታች ካለው ከተማ የሚነሳው ሲግናል ኮረብታ ላይ በተተከለ ማስተላለፊያ እየተያዘ ወደ መንደሩ እንዲወርድ ተደረገ። ኮረብታው የአቡንዲዮ ነው፤ አቡንዲዮ ፍየል አርቢ ነው፣ የኤዴልሚራ ታላቅ እህት የዙሌማ ባል።

ወጣቶቹ ሁለት በጋ ሠርተው፣ አስተምረው ሄዱ። ለኤዴልሚራ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ መሳቢያ ሙሉ ሽቦና ከቲማቲም ጣሳ የተሠራ አንቴና ተዉላት። ለምን ለእሷ እንደሆነ የሚጠይቅ ካለ፣ ምክንያቱ የስፌት ጠረጴዛዋ ነው። ጠረጴዛዋ ሰፊ ስለነበር ሥልጠናው እሷ ቤት ተሰጠ፣ ሥልጠናው እሷ ቤት ስለተሰጠ ሥራው እሷ ላይ ቀረ። ሰፊ ጠረጴዛ ያለው ሰው ይጠንቀቅ!

በዚያ አገር በር አይንኳኳም፤ ከአጥር ውጭ ቆመው ያጨበጭባሉ። በኤዴልሚራ አጥር ላይ ጭብጨባ ጠፍቶ አያውቅም።

«ሚራ! ኢንተርኔቱ ሞተ!»

«ያንተ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?»

«እኔ ስለ ሌላው ምን አውቃለሁ?»

ሄዳ ስታየው ገመዱን ነቅሎ ማራገቢያ ሰክቶበታል። እንዲህ ያለውን ችላ ኖራለች፤ እየተነጫነጨችም ቢሆን።

የዘንድሮው መከራ ግን ሌላ ነው። አርብ ከሰዓት ይጀምርና እስከ እሁድ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ተገናኘሁ ያለው ሰው ወዲያው ይባረራል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ይባረራል። ሰኞ ሲነጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ይሆናል። በዚሁ ሰሞን ደግሞ የአቡንዲዮ ፍየሎች የዶን ጊዶን ጽጌረዳ ግጠው ነበር። ዶን ጊዶ ከቡዌኖስ አይረስ መጥቶ ለእንግዶች የሚከራዩ የእንጨት ጎጆዎች የሠራ ሰው ነው። ስለ ጽጌረዳው አምርሮ ሲናገር አቡንዲዮ «ፍየል ጽጌረዳን ከሣር አትለይም፣ አጥር የሰው ሥራ ነው» ብሎት ነበር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰሞን ሲገጣጠሙ ሰው አቡንዲዮ ለብቀላ ይቆርጠዋል ብሎ የራሱን ቋጠሮ ቋጠረ።

መንደሩ ኔትወርኩን በሚያስተዳድርበት ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው ትልቅ የካሮብ ዛፍ ስር፣ ዶን ጊዶ ተነስቶ «እኔ ሰው አልከስም» አለ። እኔ ሰው አልከስም የሚል ሰው ምን ሊል እንደሆነ ይታወቃል። «ግን ዕቃው ያለው በማን ኮረብታ ላይ ነው? እንግዶቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻንጣቸውን እየጎተቱ እየሄዱብኝ ነው።»

ሁሉም ወደ አቡንዲዮ ዞረ። አቡንዲዮ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ነገሩ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው፣ ምን ይበል?

ያን ቀን ማቴ የምትቀዳው ዙሌማ ነበረች። ማቴ ቅጠሉ በአንዲት ቅል ተዘፍዝፎ ሙቅ ውኃ እየተጨመረበት፣ ሁሉም በአንዲት የብረት ቀሰም በየተራው የሚመጥጠው ነው። ቀጂዋ ታቀብላለች፣ ጠጪው ጠጥቶ ይመልሳል፣ ለቀጣዩ ይሞላል። ቅሉ ከእህቷ እጅ ኤዴልሚራ ዘንድ ሲደርስ እሷ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅራ ኔትወርኩ የተቆራረጠበትን ሰዓት ስትፈልግ ነበር። ቁልፎቹ ላይ እንዳይደፋባት ብላ ቀና ሳትል በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው። ጉርሻን በእጅ ጀርባ እንደመግፋት ማለት ነው፤ ያውም በዚያ ሰዓት፣ ያውም ሰው ሁሉ ባሏን አፍጥጦ በሚያይበት። ዙሌማ ቅሉን መልሳ ወሰደች፣ ለሌላ ሰውም አልቀዳችም። ኤዴልሚራ ይህን አላየችም።

ስብሰባው ቆረጠ። እስከ ወሩ የመጨረሻ እሁድ ጥፋተኛው ካልታወቀ ማስተላለፊያው ከአቡንዲዮ ኮረብታ ይነሳል፣ የአቡንዲዮም ስም ከማኅበሩ ይፋቃል። ዙሌማ ብድግ ብላ «ያ ሳጥን ከኮረብታችን በሰው ፍርድ የወረደ ቀን፣ እኔም ወደዚህ መንደር አልወርድም» አለች። ስትናገር የምትፈጽም ሴት ናት። ኤዴልሚራ ደግሞ ወላጅ የላት፣ ልጅ የላት፤ ያለቻት እሷው ናት።

«እስከዚያ እሁድ ስጡኝ! አየሩን አዳምጬ የሚቆርጠውን በስሙ አመጣላችኋለሁ» ብላ ማለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አየር ማዳመጥ እንዲህ ነው። ተራ የዋይፋይ መቀበያ ጨዋ ነው፤ በስሙ የተላከለትን ፓኬት፣ ማለትም ቁራጭ መልእክት፣ ብቻ ይቀበልና የሌላውን እንዳልሰማ ያሳልፋል። ኤዴልሚራ የፈለገችው ጨዋውን ሳይሆን ወሬኛውን ነው። የማንም ይሁን የማን፣ በአየር ላይ ያለፈውን ፓኬት ሁሉ ሰምቶ የሚያስቀርላት። በዚያ ውስጥ «ከኔትወርኩ ውጡ» የሚል ትእዛዝ ካለ፣ ማን እንደላከው ይታያል። የላፕቶፑ የራሱ መቀበያ ለዚህ አይሆንም። ወሬኛ አዳፕተር ሞልቶ አልተረፈም፤ ጠባዩን የሚወስነው ሆዱ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው፣ ቺፑን ደግሞ ካርቶኑ ላይ አይጽፉትም። ለምን እንደማይጽፉት እግዜር ይወቀው።

የሊኑክስ ሰዎች በሚጻጻፉበት መድረክ ሁሉም የሚያወድሱትን አንዱን መርጣ አዘዘች። በአውቶቡስ መጣላት። ስትሰካው ሊኑክስ ወዲያው አወቀው፣ ገጾችም ተከፈቱ፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከዚያ አዳምጥ ብላ ስታዘው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ይህ አይደገፍም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ወረወረላት። ክር በመርፌ ስታስገባ በምትጠቀምበት ማጉያ መነጽር ጀርባውን ብታየው፣ ከስሙ ቀጥሎ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ «ስሪት ሁለት» ትላለች። ሰዎቹ የሚያወድሱት ስሪት አንድን ነበር። ስሙ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ካርቶኑ ያው፣ ሆዱ ሌላ!

«መልስልኝ» አለችው የአውቶቡሱን ሾፌር።

«ካርቶኑን ከፍተሽዋል እኮ፣ ሚራ።»

«ሳልከፍተው እንዴት አውቃለሁ?»

«ከከፈትሽው ደግሞ አይቀበሉም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ያልከውን ሰምተኸዋል?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ እኔ የምነዳው አውቶቡስ ነው።»

ሁለተኛውን ስታዝ ተምራለች። ሻጩ ቺፑን አይቶ እንዲነግራት አድርጋ፣ ትክክለኛውን አስመጣች። ይኼኛው ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ ከሌለ አይነቃም፤ ድራይቨሩም ተዘጋጅቶ የሚገኝ ሳይሆን እዚያው ላፕቶፑ ላይ የሚገነባ ነው። ትእዛዙን ስትሰጥ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተጥለቀለቀ። ድራይቨሩ የተጻፈው ለድሮው ሊኑክስ ነው፣ የእሷ ሊኑክስ ደግሞ አዲስ ነው። አዲስ ያደረገችው ራሷ ናት፤ መድረኩ ላይ «ከሁሉ አስቀድሞ ሁሉንም አድሱ» ብለው መክረዋት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ስትቆፍር ልክ እንደሷ ያለ ስህተት የገጠመው ሰው አገኘች። ቃል በቃል ያው ስህተት! ወረድ ብላ መልሱን ብትፈልግ ሰውዬው ራሱ «ተፈታ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፎ ሄዷል።

«እንዴት ተፈታ?» ብላ ጮኸች በጸጥታው መሐል። «የት ነው የሄድከው አንተ ሰው? እንዴት ተፈታ?»

ከግድግዳው ማዶ ዶኛ ኤርሚንዳ ከእንቅልፏ ነቃች። «ሚራ፣ ከማን ጋር ነሽ?»

«ከማላውቀው ሰው ጋር!»

«ወንድ ነው?»

«መሆን አለበት! ዋናውን ነገር ሳይናገር ነው የጠፋው!»

በስንት መከራ ድራይቨሩን ገነባችው። ስትሰካው ላፕቶፑ በድን ሆነ። አጥፍታ አበራችው፣ ሰካችው፣ ደግሞ በድን ሆነ። ያን ቀን ላፕቶፑን በአፍጢሙ ልትደፋው እጇን አንስታ፣ የወጣቶቹ ስጦታ መሆኑ ትዝ ብሏት መለሰችው። እሁዱ እየቀረበ ነበር። ወደ እህቷ ኮረብታ ቀና ትላለች። ወጥታ ልትጠይቃት ታስብና «ባዶ እጄን በምን ፊቴ?» ትላለች። ማስረጃው እጇ ሲገባ እየሮጠች እንደምትወጣ ለራሷ ቃል ገብታለች።

ሦስተኛዋ አዳፕተር ከመሳቢያው ውስጥ ወጣች። ወጣቶቹ በጣሳ አንቴናቸው ውስጥ ትተዋት የሄዱት፣ አቧራ የጠጣች አሮጊት። ኤዴልሚራ ተስፋ ሳይኖራት ሰካቻት። አሮጊቷ ሰማች! የመንደሩ ወሬ በስክሪኑ ላይ ይዘንብ ጀመር። ኤዴልሚራ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አሮጊቷ ጸጥ አለች። ብትነቅላት፣ ብትሰካት፣ ትንሽ ትሰማና ትጠፋለች። ምክንያቱ ቆይቶ ገባት። ጣሳውን ጣሪያ ላይ ለማድረስ ማራዘሚያ ገመድ በማራዘሚያ ላይ ቀጥላ ነበር፤ ኃይሉ በመንገድ ላይ እየደከመ ለአሮጊቷ የሚደርሳት ፍርፋሪ ነው። ከግድግዳ መብራት የሚወስድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ተውሳ ጣሪያ ላይ አወጣች። አሮጊቷ ነፍስ ዘራች።

አሁንም አላለቀም። ላፕቶፑ ውስጥ ኔትወርክ የሚያስተዳድር ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም አዳፕተሯን ሥራ ፈታ የተቀመጠች እየመሰለው ልርዳሽ ብሎ ይነሳል። ኤዴልሚራ አዳምጪ ብላ ያስቀመጠቻትን አንስቶ ኢንተርኔት ፍለጋ ይልካታል። «ማን ጠየቀህ? ማን ጠየቀህ?» አለችና አጠፋችው። በዚያ ቤት ከዚያን ጊዜ ወዲህ እርዳታ የሚለው ቃል ክፉ ቃል ነው።

ቅዳሜ ቀትር፣ እንግዶች በገቡ ማግስት፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ኤዴልሚራ ሁሉንም ሰማች። «ውጡ፣ ውጡ፣ ውጡ» የሚል ትእዛዝ ተከታትሎ ይወርዳል። ላኪውን አየች። የላኪው አድራሻ የአቡንዲዮ ማስተላለፊያ ነው።

ላፕቶፑን ከደነችው። ይህን ለማየት ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ የደከመችው? ነገ ሰው ፊት ቆማ የእህቷን ባል በስሙ ልትጠራ ነው? አለቀሰች፤ የንዴት ልቅሶ። ዕቃው ሁሉ ሲበላሽባት እንደከረመ፣ አሁንም ተበላሽቶ አንድ ጊዜ እንኳ ቢዋሽላት ብላ ተመኘች።

ከዚያ ስፌተኛነቷ አላስቀምጥ አላት። የተሰፋ ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ ይታያል። መልሳ ከፈተችው። ከእያንዳንዱ ፓኬት ጎን ድምፁ ምን ያህል ጎልቶ እንደተሰማ የሚናገር ቁጥር አለ። ማስተላለፊያው «አለሁ» እያለ የሚልከው የዘወትር ሰላምታ ሩቅ ነውና ደክሞ ይደርሳል። «ውጡ» የሚለው ግን ጆሮ ስር የተጮኸ ያህል ጎልቷል። አንድ ሰው ከአንድ ኮረብታ ላይ በአንድ ጊዜ እያንሾካሾከ አይጮህም። በአቡንዲዮ ስም የሚጮህ ሌላ አለ፤ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ነው።

አሮጊቷን ከነጣሳዋ ከጣሪያ አወረደችና በአጭር ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካቻት። ላፕቶፑን በአንድ እጇ፣ ጣሳውን በሌላው ይዛ እሳት በሆነው ፀሐይ መንገድ ወጣች። ጣሳውን ወዲያ ወዲህ እያዞረች፣ እያጉረመረመች ስትሄድ ያያት ቢኖር ለይቶላታል ባለ። ቁጥሩ ከፍ እያለ፣ ከፍ እያለ ሄዶ ዶን ጊዶ አጥር ስር ጫፍ ነካ። ከጎጆዎቹ ጣሪያ ስር ነጭ ሰሃን የሚመስል፣ አዲስ፣ የሆቴል ዋይፋይ ተሰቅሏል።

እስኪቀላ ድረስ እጇን አጨበጨበች። ዶን ጊዶ በነጠላ ጫማ፣ ዓይኑን እያሸ ወጣ።

«ዶኛ ኤዴልሚራ፣ ምነው በዚህ ሰዓት? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ያ ነጭ ነገር መቼ ነው የተሰቀለው?»

«በበጋው መግቢያ ላይ። ባለሙያ ከከተማ አስመጥቼ ነው።»

«ስልክህን አምጣ። ያ ዕቃ የሚታዘዝበትን ገጽ ክፈትልኝ።»

ከፈተላት። ከታች፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ባለሙያው አብርቶት የሄደ አንድ ምርጫ አለ፤ እንግዶችን ከማይታወቅ ኔትወርክ ይጠብቃል ይላል። እንግዳ ሲገባና ኔትወርኩ ሲነቃ፣ በአካባቢው ያገኘውን ሌላ ኔትወርክ ሁሉ ሌባ አድርጎ፣ በሌባው ስም እየተጣራ ሰዉን ያባርራል፤ ኢንተርኔቱን የሚወስደው ከዚያው ከመንደሩ ነውና የራሱን እንግዶችም አብሮ ይቆርጣል።

«ጥበቃ ነው ብሎኛል እኮ» አለ ዶን ጊዶ።

«ከማን ነው የሚጠብቅህ?»

«ከማይታወቅ ኔትወርክ...»

«የማይታወቅ እኛን ነው? አንተ ሳትመጣ የነበርነውን?»

ዶን ጊዶ ፊቱ አመድ መሰለ። ምርጫውን ወዲያው አጠፋው። «ነገ ሰው ፊት ራሴ እናገራለሁ» አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ።

እሁድ ኤዴልሚራ ላፕቶፗን ታቅፋ፣ ከበጋው መግቢያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ መጣች። ከዛፉ ስር ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። አቡንዲዮና ዙሌማ ናቸው። አቡንዲዮ ከበቅሎዋ ላይ አንድ ሳጥን ፈትቶ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማስተላለፊያው ነው፤ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል።

«ይኸው። አንሱልኝ እስክትሉኝ አልጠብቅም።»

«አቡንዲዮ፣ ቆይ! አንተ አይደለህም!» አለች ኤዴልሚራ። «ማስረጃ አለኝ፣ አንተ አይደለህም!»

«እኔ አለመሆኔንማ እኔም አውቅ ነበር» አለ።

ዶን ጊዶ ተነስቶ ሁሉንም ተናገረ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ሰዉ አጉረመረመ፣ አንዳንዱም ከመጀመሪያው ጠርጥሮ እንደነበር ማውራት ጀመረ። ኤዴልሚራ ግን የምታየው እህቷን ብቻ ነው።

«ስንት አዳፕተር ገዛሽ?» አለቻት ዙሌማ።

«ሁለት። ዙሌማ፣ እኔ ለአንቺ ብዬ...»

«አየሩን ሁሉ ስታዳምጪ ከረምሽ። አንድ ቀን ወጥተሽ ‹እህቴ፣ ነገሩ እውነት ነው?› ብለሽኛል?»

«ባዶ እጄን በምን ፊቴ...»

«እኔን ለማናገር ማስረጃ ያስፈልግሻል? ማቴዬንስ ሰው ፊት የገፋሽው በምን ማስረጃ ነው?»

«የትኛውን ማቴ?»

ዙሌማ አየቻት። ኤዴልሚራ ከልቧ ነው፤ አታስታውሰውም። አለማስታወሷ ከመግፋቷ ባሰ። ዙሌማ በቅሎዋን ይዛ መንገድ ጀመረች፣ አቡንዲዮም ተከተላት፤ ማስተላለፊያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

በማግስቱ ቀትር መንደሩ ሲተኛ ኤዴልሚራ ሳጥኑን በጀርባዋ አዝላ ኮረብታውን ተያያዘችው። ድንጋዩን ረገመች፣ እሾሁን ረገመች፣ ከሁሉ አብልጣ ራሷን ረገመች። ስትደርስ አቡንዲዮ ሳጥኑን ከጀርባዋ ተቀብሎ ወደ ምሰሶው ሄደ። ዙሌማ ከወይኑ ዳስ ስር ተቀምጣለች። አላባረረቻትም፤ ተቀመጪም አላለቻት። ኤዴልሚራ ተቀመጠች።

ዙሌማ ቅሉን ሞልታ ሰጠቻት። ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ማቴ በዚያ አገር ለማን እንደሚሰጥ ኤዴልሚራም ታውቃለች፤ አልፈልግሽም ለሚሉት ሰው ነው። ቀሰሙ እስኪንኮራኮር ድረስ ጠጥታ ቅሉን መለሰች። ዙሌማ ደግማ ቀዳች። እሱም ቀዝቃዛ ነው። እሱንም ጠጣች።

«ሚራ!» አለ አቡንዲዮ ከምሰሶው ላይ። «አረንጓዴው በራ!»

ከታች መንደሩ ተገናኘ። በኤዴልሚራ ኪስ ውስጥ ስልኳ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ኤርሚንዳ ትሆን፣ ሾፌሩ ይሆን፣ ማን ያውቃል፤ የሁሉም ጉዳይ ዛሬውኑ የሚፈለግ ነው። ኤዴልሚራ እጇን ወደ ኪሷ አልሰደደችም። ሁለት እጇን ለቅሉ ዘርግታ እህቷን እያየች ተቀመጠች።

ዙሌማ የሚንቀጠቀጠውን ኪስ አየችው። የተዘረጉትን እጆችም አየቻቸው። ከዚያ ተነሳችና ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ጣደችው።